ሳይጠሩት አቤት

መምህርት እታፈራሁ በሃያ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኗ አንድም ልጅ ጠፍቶባት አያውቅም። ይህን ለራሷ የምትነግረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛ ክፍልን ለጉብኝት ይዛ በምትወጣበት ቀን ጧት፣ ፊቷን ስትታጠብ ነው። ጉራ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከጎኗ ባለው ክፍል የምታስተምር ባልደረባዋ በጉብኝት ቀን አንዲት ልጅ ለአርባ ደቂቃ ጠፍታባት ነበር። ልጅቷ በሰላም ብትገኝም አስተማሪዋ ግን ከዚያ በኋላ ጠመኔ አልያዘችም፤ አሁን የእህቷ ሱቅ ውስጥ ሳሙናና ስኳር ትሸጣለች። እታፈራሁ በዚያ ሱቅ ደጃፍ ባለፈች ቁጥር ያላየች መስላ ነው የምታልፈው።

በዚያ ጧት አውቶብሱ ከትምህርት ቤቱ ግቢ የወጣው ከሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። አሥራ ዘጠኝ መሆን የነበረባቸው ልጆች አሥራ ስምንት ነበሩ፤ የጎደለው ኬብሮን ነው። አያቱ እማማ በለጡ ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት ደውለው፣ ልጁ ሌሊቱን ሲያስለውና ሲያተኩሰው እንዳደረ፣ ዛሬም እንደማይመጣ ነግረዋታል። እሳቸው ሲያወሩ ከኋላ ልጁ ሲያለቅስ ይሰማት ነበር። እስስት አያለሁ ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያወራ የከረመ ልጅ ነው። ኬብሮን እናቱ ከአገር ውጭ ስለምትሠራ ከአያቱ ጋር ብቻ ያደገ፣ ቀጭንና ቀልጣፋ ልጅ ነው፤ ሰሌዳው ይጥፋ ብላ ስታስብ ዳስተሩን ይዞ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ስሙንም ገና ስትጀምረው "አቤት" ብሎ ከአፏ ይነጥቃታል። "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" ትለዋለች፤ ክፍሉ ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። ከሁሉም አብልጣ ትወደዋለች፤ ለአስተማሪ እንዲህ አይባልም እንጂ። ያም ሆኖ ስልኩን ስትዘጋ፣ ከአሥራ ዘጠኝ አሥራ ስምንት ይሻላል ብላ ማሰቧ አልቀረም።

የከተማው የዕፅዋት ማዕከል በስተሰሜን ባለው ተራራ ጫንቃ ላይ የተንጣለለ ጫካ ነው። በላይኛው በር ተገብቶ፣ በድንጋይ ደረጃ ወደ ሸለቆው ተወርዶ፣ በጥዱና በዝግባው መካከል ተጉዞ በታችኛው በር ይወጣል። ሾፌሩ ጋሽ ሽብሩ ልጆቹን በላይኛው በር አውርዶ፣ "እኔ የናፍጣ ሰልፍ ልያዝ፤ ስምንት ተኩል ላይ ታች በር ታገኙኛላችሁ" ብሎ ሄደ። አብራት ልትወጣ የነበረችው ሌላ አስተማሪ በመጨረሻው ሰዓት ቀርታለች፤ ርዕሰ መምህሩም "አሥራ ስምንት ልጅ ለአንቺ ምን አላት" ብለው እየሳቁ ሸኝተዋታል። ሰው አምኖ ሲሰጥ እምቢ ማለት ይከብዳል። የበሩ ዘበኛ ደብዳቤዋን አንብቦ ሲመልስላት፣ "ታች ስልክ አይሠራም፤ ግን አትጨነቂ" አላት። እሷም መጨነቅ የጀመረችው ያኔ ነው።

ደረጃው ሲያልቅ ከተማው ያልቃል። እስከዚያ ድረስ ይሰማ የነበረው የመኪና ጥሩምባ፣ የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸትና ከሩቅ የሚመጣው የድምፅ ማጉያ አንድ መታጠፊያ ላይ በር የተዘጋ ያህል ይቀርና፣ ከላይ የነፋሱ ሹክሹክታ፣ ከሥር የደረቀው የጥድ ቅጠል ድምፅ፣ በመካከል የልጆቹ ጫጫታ ብቻ ይቀራል። ሽታውም ይቀየራል፤ መጀመሪያ የጥዱ ሙጫ፣ ቀጥሎ የግራዋው ምሬት፣ ወደታች በተወረደ ቁጥር ደግሞ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ የረጠበ አፈር ሽታ ይመጣል። ልጆቹ ከየዛፉ ሥር የተተከለውን ሰሌዳ በመሻማት ያነብባሉ። "ወይራ!" "ኮሶ!" ሙአዝ የሚባለው ቀልደኛ ልጅ ኮሶ ምን እንደሚያደርግ ከአያቱ ሰምቶ ስለነበር ለጓደኞቹ በተግባር ጭምር አሳያቸው፤ እታፈራሁም ተቆጣችው፣ ዞር ብላም ሳቀች።

ከዛፎቹ ውስጥ ደግሞ አልፎ አልፎ የቆርቆሮ ድምፅ ይሰማል። ከቀኝ በኩል ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ከግራ በኩል ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ይላል። ሠራተኞቹ ከችግኙ ጦጣ እያባረሩ ይሆናል ብላ አለፈችው።

አራት ሰዓት ገደማ አንድ ገላጣ ቦታ ደረሱ። ዙሪያውን ጥዶቹ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በግንዶቹ መካከል የሚታየው ጥቁር ነው። እታፈራሁ ልጆቹን በክብ አስቁማ ስም መጥራት ጀመረች። ስም መጥራቱን ትወደዋለች፤ ስሙ ሲጠራ "እ?" ወይም "ምን?" የሚል ልጅ ግን አትወድም፤ ክፍሏ ውስጥ ሁሉም "አቤት" ብሎ ነው የሚመልሰው። ወረቀት አላወጣችም፤ ዝርዝሩን ከመስከረም ጀምሮ በቃሏ ታውቀዋለች፣ ምላሷ ራሱ ይወርደዋል።

"ሶልያና መኮንን።"

"አቤት።"

"ሙአዝ ከድር።"

"አቤት።"

"ኬብሮን ታደሰ።"

"አቤት።"

"ኢማን ጀማል።"

"አቤት።"

"ሃዊ ገመቹ።"

"አቤት።"

ስድስተኛው ስም አፏ ውስጥ ቀረ። ምን እንደሰማች ወደኋላ ተመልሳ አሰበች። ድምፁ ከክቡ ውስጥ አልመጣም፤ ከጀርባዋ፣ ከጥዶቹ በኩል ነው የመጣው፤ ቀጭንና ታዛዥ ድምፅ ነበር፣ ልክ ተራውን ሲጠብቅ እንደቆየ ልጅ።

"ለኬብሮን አቤት ያለው ማነው?"

ልጆቹ ተያዩ። ሙአዝ እንኳ አልሳቀም። ውሸት የማታውቀው ሶልያና ጣቷን ወደ ዛፎቹ ቀሰረች። "ከዚያ ነው ቲቸር። ኬብሮን መጥቷል እንዴ?"

"አልመጣም። ገደል ማሚቶ ነው" አለች እታፈራሁ። የአካባቢ ሳይንስ አስተማሪ ናትና ወዲያው ገለጻ ጀመረች፤ ድምፅ ተጉዞ ተራራ ሲነካ እንደሚመለስ፣ እናንተ ያላችሁትን "አቤት" መልሶ እንዳሰማን ነገረቻቸው። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ አሥራ ስምንቱም አንድ ላይ አፋቸውን በእጃቸው ከብበው "ሆ!" ብለው ጮኹ። ጆሯቸውን ጥለው ጠበቁ። ጫካው ምንም አልመለሰም።

ከገላጣው ወጥተው በጠባቡ መንገድ ሁለት ሁለት ሆነው ሲሄዱ ወፍ እንደማይሰማ አስተዋለች። ልብ ያላለችው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ነው። ኢማን ከመስመር ወጥታ አበባ ልትቀነጥስ ስትጎነበስ አየቻትና "ኢማን!" ብላ ጠራቻት፤ ልጅቷ ቀና ብላ አፏን ሳትከፍት በፊት ከግራ በኩል "አቤት" የሚል መጣ። የኬብሮን ድምፅ አይደለም፤ የኢማን ነው፣ የፊት ጥርሷ ስለወለቀ የሚያፏጨው ሳይቀር። ኢማን እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

እታፈራሁ ለማረጋገጥ ፈለገች፤ ሰው ሲፈራ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። አጠገቧ የምትሄደውን ሃዊን፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ "ሃዊ" አለቻት። ሃዊ አልሰማችም፤ ሰሌዳ እያነበበች ነበር። ከመንገዱ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ግን፣ እጅ ቢዘረጋ ከሚደርስበት ቦታ፣ በዚያው በሹክሹክታ "አቤት" አላት። የረጠበው አፈር ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። አሥራ ስምንት ልጅ ፊት ግን አይፈራም፤ "ፈጠን ፈጠን በሉ፣ ችግኝ ጣቢያው ደረስን" ብላ ገፋቻቸው።

ችግኝ ጣቢያው ውስጥ አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ቁጢጥ ብለው አረም ይነቅላሉ። እጃቸው ላይ ትንሽ መኮትኮቻ፣ አጠገባቸው የተጨራመተ የቆርቆሮ ውሃ ማጠጫ አለ። ልጆቹን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ማጠጫውን በመኮትኮቻው ሁለት ጊዜ መቱት። ከሸለቆው ማዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰላቸው። ስማቸው ጫልቱ እንደሆነ፣ በዚህ ጫካ ሠላሳ ዓመት እንደሠሩ ነገሯት። እታፈራሁ ልጆቹ የችግኙን ፕላስቲክ እንዲቆጥሩ አዝዛ ጠጋ አለቻቸው።

"እትዬ ጫልቱ፣ ዛሬ ሌላ ትምህርት ቤት ገብቷል?"

"የለም። እናንተ ብቻ ናችሁ።"

"የልጅ ድምፅ ሰምተን ነው።"

ሴትዮዋ አረማቸውን ሳያቋርጡ "ስም ጠርተሻል?" አሏት።

"አዎ፣ ያው ልጆቹን ለመቆጣጠር..."

"የመጣ ልጅ ስም ነው ያልመጣ?"

"ሁለቱንም። አንዱ ታሞ የቀረ ነው። በልማድ ጠራሁት።"

የሴትዮዋ እጅ ቆመ። ቀና ብለው ያዩት ዛፎቹን አይደለም፤ ልጆቹን ነው፣ አንድ በአንድ። "እኛ እዚህ በስም አንጠራራም" አሉ። "ቆርቆሮ ነው የምንመታው። እናቴም እዚሁ ስትሠራ እንዲሁ ነበር።"

"ለምን?"

"እኔ ምኑን ዐውቄ ልንገርሽ? ሲሉ የሰማሁትን ነው። አብሮሽ ያለውን ልጅ ስም ቢሰማ ጨዋታ ነው፣ ልጁ በእጅሽ ነው። የሌለውን ልጅ ስም ከሰማ ግን ይጠብቀዋል።"

"ማነው የሚጠብቀው?"

እትዬ ጫልቱ መኮትኮቻቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "ከእንግዲህ የማንንም ስም አትጥሪ" አሏት። "ቢመልስልሽም ዝም በይ፣ ዞረሽ አትይ። ታች በር ስምንት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ።" ይህን ብለው ማጠጫቸውን አንስተው ተነሡ፤ ሲሄዱ እንደ መቸኮል ይሉ ነበር።

እታፈራሁ ዲግሪ ያላት ሴት ናት፤ ልጆቿ ጅብ በስሙ ሲጠራ ይመጣል ሲሏት የምትስቅ ናት። አሁን ግን አልሳቀችም። ሳይቃጠል በቅጠል ብላ፣ ልጆቹን ሰብስባ አዲስ ጨዋታ እንዳለ ነገረቻቸው፤ እስከ አውቶብሱ ድረስ ማንም የማንንም ስም መጥራት አይችልም፣ የጠራ ይሸነፋል፣ እሷም ብትሆን። ስትፈልጋቸው ሁለት ጊዜ ታጨበጭባለች። ልጆቹ ጨዋታውን ወደዱት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከእታፈራሁ አፍ የማንም ልጅ ስም አልወጣም።

ምሳቸውን የበሉት ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ተቀምጠው ነው። ጉም ከተራራው ወርዶ የዛፎቹን ጫፍ ሸፍኗል፤ ቀኑ ቀን ቢሆንም ሥሩ ያለው ብርሃን የምሽት ነበር። በየምሳ ዕቃው ውስጥ ያለው ፓስታና ዳቦ ቀዘቀዘ። ገና ሁለት ጊዜ እንደጎረሱ ድምፁ መጣ።

"አቤት።"

ማንም አልጠራም። ድምፁ የኬብሮን ነው፤ አሁን ምንም ጥርጥር የለውም። ከላይ፣ ከመጡበት በኩል ነው፤ ቅሬታ የለበትም፣ ልመና የለበትም፤ አስተማሪዋ እስክታየው እጁን አውጥቶ የሚጠብቅ ጨዋ ልጅ ድምፅ ነው። ትንሽ ቆየና ደገመው። ከዚያ ደገመው። በየመካከሉ ያለው ጊዜ እኩል ነበር፤ እታፈራሁ ሳታስበው በልቧ መቁጠር ጀምራ ኖሮ ሃያ ስትል "አቤት" ሲል አገኘችው። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ማኘክ አቆሙ። አንዷ ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

"ቲቸር" አለች ሶልያና፣ ጨዋታውን ላለመሸነፍ ስሙን ሳትጠራ፣ "ማንም ሳይጠራው ለምንድን ነው አቤት የሚለው?"

"ብሉ" አለች እታፈራሁ። "ብሉና እንሂድ።"

የልብሷን ጫፍ የያዙት እጆች በዝተው ነበር። ፈራች፤ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። የፈራችው ለራሷ አይደለም፤ ከእነዚህ አሥራ ስምንት አንዱ ዘወር ብሎ ወደዚያ ድምፅ ቢሄድ፣ ማታ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለአንዲት እናት ምን ብላ እንደምትመልስ እያሰበች ነው። ያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ ሳሙና መሸጥ እንኳ የሚቻል አልመሰላትም። ኬብሮን አልጋው ላይ መሆኑ ብቻ ነበር የሚያጽናናት፤ የእኔው ልጅ ቤቱ ተኝቷል፣ ይህ ሌላ ነገር ነው አለች፤ ደጋግማም አለችው።

ሰባት ሰዓት ከመሆኑ በፊት ድምፁ ተቋረጠ። ሃያ ቆጠረች፣ አርባ ቆጠረች፣ መቶ ቆጠረች፤ የለም። ጫካው በሙሉ ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ላይኛው በር በኩል፣ ጆሮውን የሰጠ ይመስል ነበር። ነፋሱ ቆመ። የቆርቆሮውም ድምፅ የለም። እታፈራሁ አምላኳን አመሰገነች፤ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋ፣ እጅ ለእጅ አያይዛ፣ ከፊት እየመራች ወደ ታችኛው በር የሚወስደውን መንገድ ያዘች። በየአሥር እርምጃው ወደኋላ ዞራ ጭንቅላት ትቆጥራለች። አሥራ ስምንት። አሥራ ስምንት። እንዲህ እየቆጠሩ መሄድ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ።

ከዚያ ከላይ፣ ከሩቅ፣ እንደገና ተሰማ።

"አቤት!"

የቅድሙ ዓይነት አልነበረም። የሚያለከልክ ድምፅ ነው፤ የሚሮጥ ድምፅ ነው። "አቤት ቲቸር! መጣሁ!" አለና አሳለው፤ ኬብሮን ሲስል እንደሚያደርገው ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሳሉን ሳይቀር ቀድቶታል አለች እታፈራሁ፤ ሰውነቷ በሙሉ ተሸማቀቀ። ቅጠል ሲሰባበር፣ ጠጠር ሲንከባለል፣ ትንንሽ እግሮች ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይሰማል። "እየመጣሁ ነው እኮ! አቤት!"

"እሱ ነው! ቲቸር፣ እውነት እሱ ነው!" ብሎ ሙአዝ እጁን ከጓደኛው እጅ አስለቅቆ ሮጠ። እታፈራሁ በሦስት እርምጃ ደርሳ የእጁን አንጓ ያዘችው፤ ልጁ "አሳመምሽኝ" ብሎ እስኪያለቅስ ድረስ ጨመቀችው። በሕይወቷ ልጅ መትታ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ልትመታው ነበር። "እሱ ቤቱ ተኝቷል" አለችው ፊቷን ፊቱ ላይ አድርጋ። "ገባህ? ቤቱ ነው። ሁላችሁም ፊደል በሉ። ጩኹ!"

አሥራ ስምንት ልጆች እያለቀሱ "ሀ ሁ ሂ ሃ" እያሉ ጮኹ። ከፊደሉ በላይ ያ ድምፅ ይሰማት ነበር። የሚገርመው ወደ እነሱ አይመጣም፤ መንገዱን ትቶ ወደ ግራ፣ መንገድ ወደሌለበትና ጥዱ ጥቅጥቅ ወዳለበት ወገን እየራቀ ነው። አሁንም አሁንም "አቤት" ይላል፤ ደጋግሞ የሚጠሩትን ሰው ደጋግሞ እንደሚመልስ። ሴትዮዋ ዞረሽ አትይ ብለዋት ነበር። እታፈራሁ ግን ዞረች፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

በጉሙ ውስጥ፣ በግንዶቹ መካከል፣ ቀይ ሹራብ አየች። የትምህርት ቤቱ ሹራብ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ እየሄደ ነው፤ አሁን አይሮጥም። የቀኝ እጁን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ዘርግቶታል፣ ትልቅ ሰው እጁን ይዞት እንደሚሄድ ልጅ፤ ከጎኑ ግን ከግንዶቹ በስተቀር የቆመ ነገር አልነበረም። ከግንዶቹ አንዱ፣ ለእጁ የቀረበው፣ ከልጁ እኩል ይራመድ ነበር ወይስ ጉሙ ነው ያንቀሳቀሰው፣ አላወቀችም። ለማወቅም አልቆመችም። ፊቷን መልሳ ፊደሉን ከልጆቹ በላይ ጮኸችው፤ "ፐ ፑ ፒ" ላይ ሲደርሱ ከግራ የሚመጣ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ታችኛው በር ተከፍቷል። ጋሽ ሽብሩ አውቶብሱን ጥላ ሥር አቁሞ፣ ናፍጣ በማግኘቱ ደስ ብሎት፣ ጥርሱን እየፋቀ ይጠብቃቸዋል። "ምነው ጉብኝት ነው ወይስ ለቅሶ?" አላቸው የልጆቹን ፊት አይቶ። እታፈራሁ ደረጃው ላይ ቆማ እያንዳንዱን ልጅ በጭንቅላቱ እየዳሰሰች አስገባች። አሥራ ስምንት። ድጋሚ ቆጠረች። አሥራ ስምንት። ከዚያ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ የደስታ ልቅሶ ነበር፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ የኮራችበት ቀን አልነበረም። ለሙአዝ ከረሜላ ሰጠችው፤ አንጓው ላይ የጣቶቿን ምልክት አይታ ይቅርታ ጠየቀችው። መንገድ ላይ ልጆቹ አንድ በአንድ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስልኳን ልትከፍት ብትሞክር ባትሪው አልቋል።

ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ወላጆች በሩ ላይ ተሰብስበዋል። እታፈራሁ ልጆቹን በየእናቱና በየአባቱ እጅ አስረከበች፤ የኢማን እናት ጉንጯን ሳመቻት፣ የሃዊ አባት "እግዜር ይስጥልን" አሏት። ሶልያና የመጨረሻዋ ነበረች። ልጅቷ ከታላቅ እህቷ ጋር ጥግ ላይ ስትጠፋ፣ እታፈራሁ የበሩን ብረት ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ልቧ ቀልሎላታል። አንድም ልጅ አልጠፋባትም።

ከመንገዱ ማዶ እማማ በለጡ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ መኪናውን በእጃቸው እያስቆሙ ሲሻገሩ አየቻቸው። ለሕመሙ መድኃኒት ፈልገው ወጥተው ይሆናል ብላ ልትደግፋቸው ሄደች።

"እንዴት ዋላችሁ የኔ ልጅ" አሉ እያለከለኩ። "ዘገየሁ መሰለኝ። የኔ ጌታ አላስቸገረሽም? ሳሉ እንዴት ዋለለት?"

"ማን፣ እማማ?" አለች እታፈራሁ ፈገግ ብላ። "ኬብሮን እኮ ዛሬ አልመጣም።"

አሮጊቷ ሳቁ፤ ግቢውን በዐይናቸው እየቃኙ፣ ልጁ ከአንዱ ጥግ ተደብቆ የሚያስፈራራቸው መስሏቸው። "አትቀልጂብኝ በይ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ትኩሳቱ ሲለቀው አላስቆም አላስቀምጥ አለኝና፣ ስልክሽም እምቢ ሲል፣ ሰባት ሰዓት ላይ በባጃጅ ላይኛው በር ድረስ እኔው ራሴ ወሰድኩት። ዘበኛው ታች ናቸው አለኝ። ያን ደረጃ የምወርድበት ጉልበት ከየት ይምጣ? እጁን ይዤ ቆሜ ሳመነታ ነው አንቺ ከታች 'ኬብሮን፣ ና፣ በዚህ ነን' እያልሽ ደጋግመሽ የጠራሽው፤ ድምፅሽን ባላውቀው ኖሮ እኮ አልለቀውም ነበር።"